የማክዳ ሽማግሌዎች

አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሲልክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በድሉ ላከ። ሰው ለኮበለለች ሚስቱ ይልካል፣ ለተቀየመው ጎረቤቱ ይልካል። በድሉ ግን በውጭ አገር፣ ፋልከንሪጅ በሚባል ሰፈር፣ በገዛ ቤቱ፣ ፎቅ ላይ በሯን ዘግታ ላኮረፈችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ሁለት ሽማግሌ ላከ።

ነገሩ የመጣው ከእትዬ ሸዋወርቅ ነው። እትዬ ሸዋወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወሬ ማሳደር ብቻ አይሆንላቸውም። አንድ ቅዳሜ በኮሚኒቲ ሴንተሩ በኩል ሲያልፉ፣ ማክዳ ከጥቁር ልጃገረዶች ጋር ክብ ሠርታ ተቀምጣ ስታለቅስ በመስታወቱ አዩዋት። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በድሉን ጥግ አስያዙትና፣ "ልጅህን ምን ነካት? ካውንስለር ያያታል መሰለኝ። ጠበል ወስደሃታል ወይ?" አሉት። በድሉ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ቤት ሲገባ ካፖርቱን እንኳን ሳያወልቅ ፈረደ።

"ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ የለም! የቤታችንን ገመና አደባባይ አታወጪም። ዝም አይነቅዝም!"

ዝም አይነቅዝም። ይህን ተረት የተረተው ሰው ዝም ያለች ልጃገረድ አላየም ማለት ነው።

ፕሮግራሙን የጀመረችው መስከረም የምትባል ነርስ ናት። ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ጥቁር ልጃገረዶች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እነሱም "ሰርክል" ይሉታል። ልብ በፍርሃት ሲመታ እንዴት እንደሚተነፈስ፣ ሳይስቁና ይቅርታ ሳይጠይቁ "አይሆንም" ማለት እንዴት እንደሆነ ይማሩበታል። ማክዳ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቃል አልወጣትም። ያለቀሰች ቀን ማንም "በቃ፣ ዝም በይ" አላላትም፤ ለቅሶው እስኪወጣላት ጠበቋት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። ቅዳሜ ከቀረባት ወደ ድሮዋ ማክዳ እንደምትመለስ ታውቃለች። ያቺን ማክዳ ደግሞ ትፈራታለች።

እና በድሉ የላካቸው ሽማግሌዎች፣ ጋሼ ወልደየስና አቶ ታደገ፣ መጡ። ሶፋው ላይ ተደላድለው "አባትሽ ክፉ አይመኝልሽም"ን፣ "የወላጅ ቃል"ን፣ "ሰው ምን ይላል"ን በየተራ አወረዱባት። ማክዳ አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ኩሽና ሆኖ የሚሰማው በድሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ደስ አለው። አንገት ደፊ አገር አጥፊ መባሉን ረስቶታል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለች ሲጨርሱ።

"ጠይቂ፣ የኔ ልጅ።"

"ሽማግሌ ቦዝ ሳይድስ ነው አይደል የሚሰማው? እኔን ግን ምንም አልጠየቃችሁኝም።"

ጋሼ ወልደየስ አቶ ታደገን አዩ። አቶ ታደገ ጣሪያውን አዩ።

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አሉ ጋሼ ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ደግሞም ነገር ያለው ሰው የራሱን ሽማግሌ ይልካል እንጂ የመጣውን ሽማግሌ አይሞግትም።"

"እሺ" አለች ማክዳ። "እልካለሁ።"

ጋሼ ወልደየስ ሳቁ። ባይስቁ ይሻላቸው ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የበሩ ደወል ጮኸ። በድሉ ሲከፍት ሦስት የሰርክሉ ልጃገረዶች በረዶው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የኢትዮጵያውያን ልጅ ዮርዲ፣ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡት ሻንቴልና ናይጄሪያዊቷ ቶሉ። ሦስቱም በክረምት ጃኬታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ዮርዲ የእናቷን ቁም ሳጥን አራቁታው እንደመጣች ያስታውቃል። እጅ ነሱ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ በድሉ" አለች ዮርዲ። "እኛ፣ ላይክ፣ ሽማግሌ ነን። ማክዳ ናት የላከችን።"

በድሉ ሳቁም ቁጣውም አንድ ላይ መጣበት። "በሉ ግቡ፣ ብርድ ነው። ተቀመጡ።"

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። "ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም" አለች ዮርዲ፤ ሌሎቹም ቋንቋውን ባይሰሙም እግራቸውን ገጥመው ቆሙ። በድሉ ጨነቀው። ደጁ የመጣ ሽማግሌ አይባረርም፣ ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። ሽማግሌ ዕድሜው ስንት ይሁን የሚል ሕግ በሐሳቡ ቢፈልግ አጣ።

"ለመሆኑ እዚያ ስለ እኔ ምን እያለች ነው የምታወራው?"

"ሶሪ፣ ጋሼ። ሰርክል ውስጥ የተባለ አይወጣም። ሽማግሌስ እንደዛ አይደል?"

መውጫ ሲያጣ አባቶቹ ሴት ልጅ ሲጠየቁ የሚመልሱትን መለሰ። "እንግዲህ እናስብበት። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ዮርዲ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል አታውቅም። ማክዳ ጃኬቷን ለብሳ ከፎቅ ወረደች።

"አይመለሱም፣ አባባ። ሽማግሌ የላክሁት ላስፈቅድ አይደለም። እንድትሰማኝ ነው።"

"ምኑን ነው የምሰማሽ? ምን ጎደለብሽ?"

"ግሬድ ቴን ሙሉ ምሳዬን ሽንት ቤት ውስጥ ነው የበላሁት።"

እናቷ ቆንጅት ከኩሽና ስትወጣ በሩ ላይ ቀረች። ያንን ምሳ በየማለዳው ወደ ሺፍቷ ከመሄዷ በፊት የምትቋጥረው እሷ ነበረች።

"ካፌቴሪያ ስገባ እንደ ዝንጀሮ ይጮሁብኝ ነበር" አለች ማክዳ። "ፀጉሬን እየነኩ ያሸቱታል፣ ይስቃሉ። በሩን ቆልፌ፣ እንዳያዩኝ እግሬን ሰቅዬ ነበር የምበላው። አሁን መሃል ላይ ተቀምጬ ነው የምበላው። እሱን ያስተማሩኝ እዚያ ነው። ካስቀረኸኝ የምመለሰው ወደ ሽንት ቤቱ ነው። አልመለስም!"

"ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?"

"ነገርኩህ። 'ተያቸው፣ አንገትሽን ደፍተሽ ተማሪ' አልከኝ።"

በድሉ ማለቱን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ይህ ደግሞ የባሰ አሳፈረው። በሚሠራበት መጋዘን እሱም ስንቱን ሰምቶ እንዳልሰማ አልፏል። ለልጁ ያወረሳት ያንኑ ነበር። ቆንጅት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ታለቅሳለች፤ ዝም በይ የሚላት አልነበረም።

"እሺ" አለ በመጨረሻ ለሽማግሌዎቹ። "እሺ ብያለሁ። ተቀመጡ።"

"እንዳትቀመጡ፣ ረፍዶብናል" አለች ማክዳ በሩን እየከፈተች።

በድሉ በካልሲው እስከ ደጁ ተከተላት። "ስንት ሰዓት ልምጣ? እኔ ልመልስሽ።"

"ሲያልቅ ኮል አደርግልሃለሁ። ግን ፓርኪንግ ላይ እንዳትጠብቀኝ።"

"ታዲያ የት?"

"ውስጥ ግባ" አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። "ሰው ሁሉ እያየህ ግባና፣ 'የማክዳ አባት ነኝ' በል።"