የእንስሳቱ በር

«ውጡ! ልናቃጥል ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

ኬማ እየጮኸች በገጀራዋ ጀርባ ጉቶውን ደበደበችው። ተመንጥሮ ስንት ሳምንት ፀሐይ የጠጣው እርሻ ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከማዶ አማቷ ማ ጌሴ በሰለለ ድምፃቸው ጥሪውን ይቀበላሉ። ሚዳቋዋን በስሟ፣ ጃርቱን በስሙ ይጠራሉ፤ እባቡን ግን «ረዥሙ ጌታዬ» ነው የሚሉት። እባብ ስሙን ሲሰማ ይመጣል እንጂ አይሄድም። የእኛ የጎላ ጎሣ ሰው እንስሳቱን ሳይጠራ እሳት አይለቅም። ከሦስት ወገን ይለኩስና አራተኛውን ለእንስሳቱ በር ብሎ ይተወዋል።

የኬማ እርሻ በር የሚከፈተው የወንዶች ማኅበር ምስጢሩን ወደሚይዝበት ወደ ወንዶች ጫካ ነበር። እዚያ ማንም ወጥመድ አያጠምድም፣ ማንም ቅጠል አይበጥስም፤ እንስሳቱም ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሴት ደግሞ እንኳን ልትገባበት ዓይኗንም አትልክበትም። ለዚህ ነው በዚያ ወሰን ያለ እርሻ ሲቃጠል ወንዶች እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘው ድንበሩ ላይ የሚቆሙት። በዚያን ቀን ግን በመንደሩ ለመድኃኒት የሚሆን ወንድ አልነበረም። የማኅበራቸው አባት የነበሩ ሽማግሌ ሞተውባቸው ሁሉም ከወንዙ ማዶ ለቅሶ ሄደዋል። የኬማ የባሏ ወንድም ቦይማ፣ «ፀሐይ ሳትበረታ ሰው ይዤ እመለሳለሁ፣ እንዳትለኩሺ» ብሏት ነበር የሄደው። ፀሐይዋ በረታች፣ አናት ላይ ወጣች፣ ቦይማ የለም። በእሱ ፈንታ ከባሕሩ በኩል ደመና መጣ።

ኬማ ደመናውን ባየች ቁጥር ልጇን ሙሱን፣ «እስቲ መንገዱ ላይ አዳምጪ፣ የሰው ድምፅ ካለ» እያለች ትልካለች፤ ሙሱ ትሄድና ራሷን እየነቀነቀች ትመለሳለች። አምና ልክ እንደዚህ ስትጠብቅ ዝናቡ ቀደማት። እንጨቱ ሳይነድ ራሰ፣ ሩዙም ቀጭጮ ቀረ፣ ክረምቱን ሙሱ ካሳቫ እየበላች ከረመች። ካሳቫ ምግብ ነው፣ ማን ካደ። ግን በእኛ አገር ሩዝ ያልቀመሰ ሰው «በላህ ወይ?» ሲሉት «አልበላሁም» ነው የሚለው። ኬማ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ የምትደገፍበት የላትም። መሬቱን ስትመርጥ እንኳ አልተጣደፈችም፤ በተተወው መሬት ላይ የበቀሉት ዣንጥላ ዛፎች አርጅተው በራሳቸው እስኪወድቁ፣ አፈሩ አርፌያለሁ እስኪላት ነው የጠበቀችው። ያን ሁሉ ዓመት የታገሠች ሴት በአንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ማ፣ ደመናውን ያዩታል?»

«ዓይን አለኝ።»

«ዛሬ ካልነደደ እንዳምናው መሆናችን ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ማ ጌሴ። «እመጣለሁ ብሏል፣ ይምጣ።»

«ቦይማ? የዘንባባ ወይን ከቀመሰማ እንኳን የእኔን እርሻ የገዛ ስሙንም አያስታውስ!»

ልናግዛት የሄድን ሴቶች ሁሉ ሳቅን። ማ ጌሴ አልሳቁም፣ ልጃቸው ነዋ። ፊታቸውን ወደ እርሻው የታችኛው ጥግ አዞሩ። «ጥሪውም አልበቃም። ያ ጥግ ገና ነው። ያረገዘች ትኖራለች፣ ያሸለበ ይኖራል። ሰውም ቢሆን ዕቃውን እስኪሰበስብ ጊዜ ይሰጠዋል።»

«ኧረ ማ! ይህን ሁሉ ጩኸት ያልሰማ ደንቆሮ ነው» አለችና ኬማ ችቦውን አነሣች።

እሳቱ መጀመሪያ ሲንሾካሾክ ቆየና ድንገት አገሳ። ወላፈኑ ገፋን። በበሩ በኩል የቆምነው እንደ ወጉ ጀርባችንን ለወንዶች ጫካ ሰጥተን ነበር። ኬማ ቅጠሉን ሙልጭ አድርጋ ጠርጋዋለች፤ ግን የጠረገችው ጫካውን ከዓይን እስከሚሸፍነው የራፊያ ቅጠል መጋረጃ ድረስ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ መጥረግ የወንዶቹ ድርሻ ነው፣ እነሱ ደግሞ ለቅሶ ላይ ናቸው። ሚዳቋ ወጣች፣ ግልገሏ ተከተለቻት። አንድ ጃርት እሾሁን እያንኳኳ አለፈ። ረዥሙ ጌታም ሳይቸኩል ወጣ። ልባችን ትንሽ መለስ አለ፤ አንዷም፣ «ይኸው፣ ያለ ወንድ ይቻላል» ብላ ቀለደች።

ያን ጊዜ ነው ከታችኛው ጥግ፣ ካልተጠራው፣ ያቺ የሣር አይጥ የመጣችው። ድመት ታክላለች። ጀርባዋ እየጨሰ በኬማ እግሮች መሃል ሾልካ በመጋረጃው ሥር ገባች። ኬማ ሳታስበው በዓይኗ ተከተለቻት። ዓይኗን ስትመልስ ዘግይታ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ ቀጭን ጭስ ሲነሣ አይታለች።

ሁላችንም አሸተትነው። ማናችንም አልዞርንም።

ወሩ የጥጥ ዛፉ ፍሬ የሚፈነዳበት ነው። በወንዶች ጫካ መሃል የቆመው ያ ግዙፍ ዛፍ ጫፉ ከመንደራችን ይታያል፤ ግንዱ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ወንዶቹ ሲያወሩ ሰምተናል። በዚህ ወቅት ጥጡን አራግፎ መሬቱን ያለብሰዋል። ጥጥ ላይ የወደቀ እሳት ምን እንደሚሠራ ለማንም መንገር አያሻም። ከሥሩ የሚፈልቀው ውኃ ደግሞ የምንጠጣው ነው። ዛፉ ከሄደ ምንጩ ይሄዳል፤ ምንጩ ከሄደ እኛስ የት አባታችን እንሄዳለን?

«ወይ ጉዴ! ምነው አፈር በበላሁ!» አለች ኬማ። «እኔው ነኝ ያስገባሁት።»

ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ የገባች ሴት አትገደልም፣ አትባረርምም። የእነሱ ማኅበርተኛ ትሆናለች። ድሮ ዶዌ የምትባል ሴት ፍየሏን ስትከተል ሳታውቅ ገብታ እንደዚያ ሆና ኖረች። ወንዶቹ አከበሯት፣ ከአደን ሥጋ ፊተኛውን ሰጧት። ግን ከሴቶች ማኅበር ወጣች፣ የእኛ ነገር ተዘጋባት። ልጇ ሴቶች ልጆች የሴትነትን ነገር ከሚማሩበት ከሴቶች ጫካ በወጣችበት ቀን፣ እናት ሁሉ የልጇን ራስ በነጭ ሻሽ በምታስርበት ቀን፣ ዶዌ ከወንዶቹ ጋር ሩቅ ቆማ አየች። እናቴ ስታወራኝ «ያን ቀን ዶዌ እጇን የምታደርግበት አጥታ ነበር» ትል ነበር። ሙሱ ደግሞ ወደ ሴቶች ጫካ የምትገባው በሚመጣው በጋ ነው። ኬማ ነጩን ጨርቅ ራሷ ፈትላ አሸምናዋለች፤ በየጊዜው ከቅርጫቱ እያወጣች ስታሳየን ሰልችቶን ነበር።

«እኔ ልግባ» አሉ ማ ጌሴ። «ራሷን የማስርላት ልጅ የለኝም።»

«በዚህ ጉልበትዎ?» ኬማ ሳቀች መሰለኝ፣ ወይም አለቀሰች። «እሳቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅዎትም፣ ማ።»

«ከገባሽ የምትወጪው ለእነሱ ነው። ለእኛ አይደለም።»

«ካልገባሁስ?»

ጭሱ እየወፈረ ነበር።

ኬማ ሻሿን ከራሷ ፈታች፣ በቅሉ ውኃ ነከረችው። ሙሱን ትስማታለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳመቻትም። ብትስማት ኖሮ አትሄድም ነበር። ከኋላችን የመጋረጃው ራፊያ ሲንኮሻኮሽ ሰማን።

ውስጡ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ። እኔም ጀርባቸውን ከሰጡት አንዷ ነኝ። የሰማሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። እርጥብ ጨርቅ መሬት ሲመታ ሰማን፣ ሳል ሰማን፣ እንደገና ጨርቁን። ከዛፉ ላይ ትልልቆቹ ወፎች በክንፋቸው አየሩን እየቀዘፉ ተነሡ። አንዴ ጮኸች። ሙሱ ልትዞር ስትል ማ ጌሴ ጭንቅላቷን ይዘው ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ከዚያ ምንም። ይህ ምንም የሚባለው ነገር እንዴት ይረዝማል! በፊታችን እርሻው ይነድዳል፤ እኛ ግን እሱን እያየን የምናዳምጠው ሌላውን እሳት ነው። ያቺ ቀልደኛዋ ጎረቤታችን ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር።

«ጠፍቷል።»

ድምፅዋ ቅርብ ነበር፣ ከመጋረጃው ሥር።

«እማ፣ ውጪ በቃ!» አለች ሙሱ።

«አልችልም ልጄ። ራሳቸው ናቸው የሚያወጡኝ።» ሳል አቋረጣት። «ውኃ ጠጥተሻል? ሙቀቱ ላይ ብዙ አትቁሚ።»

ሙሱ ሳትዞር ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

ወንዶቹ የመጡት እርሻው ፍም ሲሆን ነው። ቦይማ ከፊት ከፊት ይሮጣል፣ የዘንባባው ወይን ከሩቅ ይሸታል። «ማን ለኩሱ አላችሁ? አልተናገርኩም?» እያለ ደረሰ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ጀርባችንን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ከመካከላችን ማን እንደጎደለች ገባውና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከኋላው የመጡት ሽማግሌው ኪያታምባ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ውስጥ አለፉ። ቆዩ። ተመልሰው ከፊታችን ሲቆሙ መዳፋቸው ጥላሸት ነበር።

«ዛፉ ቆሟል» አሉ። «እሳቱ ግንዱ ሥር ደርሶ ነበር። ውኃውም አለ።» ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሩ። «ነጭ ኮላ አምጡ። ሰው ገብቶልናል።»

ነጭ ኮላ አዲስ ገቢ የሚቀበሉበት ፍሬ ነው፤ እስከዚያች ቃል ድረስ እኔ ሞኟ ምናልባት ይተዋት ይሆናል እል ነበር።

ማ ጌሴ ግን ቀና አሉ። «ኪያታምባ፣ የዚህችን ልጅ ራስ ማን ሊያስርላት ነው?»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ እኅቴ።»

«ድንበሩ ላይ ወንድ ይቁም የሚለውንስ ማን አወጣው? እሱስ ሕግ አልነበረም? ቆማችሁለታል?»

ቦይማ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ደመናውን ቀና ብለው አዩና መዳፋቸውን በልብሳቸው ጠረጉ።

ወንዶቹ በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። ሰው ከዚያ ሲወጣ ሴት አታይም፤ ስለዚህ እኛ እንደቆምን ቆምን። መጋረጃው ተንኮሻኮሸ። የወንዶቹ ኮቴ መጣ፣ በመካከሉም የምናውቀው ቀላል እርምጃ። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ሻሿ እዚያው አመድ ሆኖ ቀርቷል፣ ራሷን ሳትሸፍን ነው ይህን ሁሉ ወንድ የምታልፈው ብዬ አሰብኩ።

ሙሱም ይህንኑ አስባ ይሆናል። ሳትዞር የራሷን ትንሽ ሻሽ ፈታች። ሕጉ ማየትን እንጂ እጅ መዘርጋትን አልከለከለም። ጨርቁን በጀርባዋ በኩል ወደ ኋላ ዘረጋችው።

ኮቴው ቆመ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ፍሙ ላይ ወድቃ ጥሽሽ አለች። ኪያታምባ «ቀጥሉ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉም። እኔ ማየት የምችለው የሙሱን እጅና በእጇ ያለውን የጨርቁን ጫፍ ብቻ ነበር። ጨርቁ ከወዲያ በኩል ሲያዝ፣ ቀስ ብሎም ሲወጠር አየሁ። ሙሱ አልለቀቀችም። ከወዲያ የያዘው እጅም አልጎተተም፣ አልለቀቀምም። ዝናቡ እየበረታ ሄደ፣ ጨርቁም በመካከላቸው እየራሰ።