ማንም አልመጣም

ልጄ ሌባ ይሆን?

ፊሎሜና ይህን ጥያቄ ይዛ መዞር ከጀመረች ሦስት ቀኗ ነው። ሩዝ ስትለቅም አለ፤ የተሰጣውን ዓሣ ስትገለብጥ አለ፤ በሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ፊት ሻማ ስታበራም አለ። መልሱን ግን ከየት ታምጣው?

ልጇ አርሴንዮ የሆስፒታል ዘበኛ ነው። እሱ በሚጠብቀው ዕቃ ቤት፣ ድሮ የማህፀን ካንሰር ይታከምባቸው የነበሩ የጨረር ዕቃዎች ተቆልፎባቸዋል። ማክሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪዎች ከዋናው ከተማ መጥተው ቢከፍቱት፣ ጨረር ከሚያግዱት ሁለት ከባድ የእርሳስ ማሰሮዎች አንዱ የለም። በውስጡ ጣት የማያክሉ የብረት ቀሰሞች ነበሩበት። ጨረራቸው አይታይ፣ አይሸት፤ አጠገባቸው የዋለን ሰው ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። በሩ አልተሰበረም። በቁልፍ የገባ ሰው ነው።

ፖሊስ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር።

«ሰሞኑን እዚህ ቤት የመጣ ሰው አለ?»

«ማንም አልመጣም፣ ጌታዬ» አለችው፤ እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ ባለ ሦስት ቅጠል ምልክት ያለበትን ከባድ ማሰሮ ያየ ሰው እንዳይነካው፣ ርቆ እንዲጠቁም ሲለፍፍ ይውላል። እሷም የልጇን አልጋ ሥር ፈተሸች። ትራሱን ገለበጠች። ሸሚዙን አንስታ አሸተተችው፤ የማይሸት ነገር ምን ሊሸታት እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ ቀትር ላይ አርሴንዮ ያለ ሰዓቱ መጣና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ምነው በጊዜ?»

«እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ አሉኝ። ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። የአንደኛው ባለቤት ሐኪሙ ነው፤ እሱ ደግሞ አገር ውስጥ የለም። ታዲያ ማን ቀረ?»

ሩዝና ዓሣ አቀረበችለት። ፊቱን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«እማዬ፣ አንቺም እንደ ፖሊሶቹ ታዪኝ ጀመር?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ዓይንሽ ይናገራል። ትናንት ትራሴን የገለበጠው ማነው? ድመቷ ናት?»

«ትኋን ነበረበት።»

«ትኋኑስ እርሳስ ይሰርቃል?»

መሳቅ አቃታት። «ቁልፉን ማታ ማታ ለቢሮ አስረክቡ አልተባላችሁም?»

«ጸሐፊዋ ሦስት ሰዓት ነው የምትገባው፤ እኛ የምንገባው በአሥራ ሁለት። ስለዚህ ሁላችንም የየበራችንን ቁልፍ ይዘን እናድራለን። እኔ እንደሆንኩ ምስሉ ሥር ምስማሩ ላይ ነው የምሰቅለው፤ አንቺ ፊት! ለመሆኑ ሜርሊንዳ የታለች?»

«ሚስትህማ አባባ ቴዎዱሎ ቤት ሆና መረቡ ላይ የማስጠሚያ እርሳስ እየቋጠረችለት ነው። የስድስት ወር ሆዷን ይዛ ወለል ላይ አትቀመጪ ብላት አልሰማ አለች።»

«የምን እርሳስ? እርሳስ ጠፍቶ መረቤ እንደ ቅጠል ይንሳፈፋል ብሎ ሲያማርር አልነበር?»

«አሁንማ አግኝቶ፣ አቅልጦ...»



ቴዎዱሎ አርሴንዮን ክርስትና ያነሳ አበልጇ ነው። ጠዋት ጠዋት በሆስፒታሉ የጓሮ በር ለወጥ ቤቱ ዓሣ ያስገባል፤ ዘበኞቹ እሱን ሲያዩ ቀናም አይሉ። ባለፈው ቅዳሜ አርሴንዮ የዕረፍት ቀኑ ሆኖ ተኝቶ ሳለ ብቅ ብሎ፣ «አበልጄ፣ ቅርጫቴን ዕቃ ቤት ረስቼው፤ ቁልፉን ብቻ ስጪኝ፣ ልጁን አትቀስቅሺው» አላት። ሰጠችው። ከቀትር በፊት ከሁለት ወፍራም ዓሣ ጋር መለሰላት።

«መጥቶ ነበር» አለች ፊሎሜና።

«ማን?»

«አበልጄ። ቅዳሜ። ቁልፉን... እኔው ነኝ የሰጠሁት።»

«ፖሊሱ ሲጠይቅሽ ማንም አልመጣም አላልሽም?»

«እሱ እንግዳ ነው እንዴ? አበልጅ እኮ ነው! አበልጅ ገባ ወጣ ተብሎ ይቆጠራል? ሠላሳ ዓመት በዚህ በር ሲገባ ምን ልትሠራ መጣህ ያለው አለ?»

አርሴንዮ የጎረሰውን ሳያላምጥ ዋጠው። «እማዬ፣ ማሰሮውን ሲያቀልጥ ቀሰሞቹን የት አደረጋቸው?»

ድምፅ ማጉያው የለፈፈው ስለ ማሰሮ ነው እንጂ ስለ ቀሰም አልነበረም። ትናንት ምሽት ሜርሊንዳ እየሳቀች ስታወራት ፊሎሜናም አብራ ስቃለች፤ እንዲያውም ደስ ብሏት አበልጇን መርቃለች።

«የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ብረቶች አግኝቻለሁ፣ ለሚወለደው ልጅ የሚንኳኳ መጫወቻ እሠራበታለሁ ብሏታል። በወተት ጣሳ አድርጎ መስኮቱ ላይ አስቀምጧቸዋል።»

«እሷስ የት ነው የምትቀመጠው?»

«መስኮቱ ሥር» አለች። «ከረቡዕ ጀምሮ። ብርሃን አለው ብላ።»

አርሴንዮ ሳህኑን ገፋው። እጁን ብትይዘው ቀስ ብሎ አስለቀቃት። ፊቱን ለማየት ፈለገች፤ አላሳያትም። ባዶ እግሩን ከቤት ወጥቶ ወደ ቴዎዱሎ ቤት ሮጠ።