በግራ እግር ሃምሳ ዘጠኝ

ልጄ ሑስና መረብ ኳስ የምትለማመድበትን አዳራሽ የማጸዳው እኔ ነኝ። አዳማ ላይ ነፋስ ሲነሳ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ ስለሚገባ፣ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ወለሉን ሁለት ጊዜ እወለውላለሁ። በዚያ ዓመት ክለቡ ከአሥራ ዘጠኙ ልጆች ስድስቱን በቋሚነት ሊያስፈርም ነበር። ሑስና ሃያ ዓመቷ ነው። ከስድስቱ አንዷ መሆን እንጂ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበር። ክረምት ላይ ስትዘል የግራ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ወጌሻ ጋ ወስጃት ነበር። እብጠቱ ጠፋ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። "ለአሰልጣኙ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለችኝ። አላልኩም። በዘለለች ቁጥር ግን ዓይኔን እጨፍን ነበር።

አንድ ቀን ፈሪድ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ለሁለተኛ ዲግሪው የሚሠራው ጥናት ነበረው፤ ስፖርተኛ ወጣቶች ሚዛናቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ይለካል። ወለሉ ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ሦስት ፕላስተሮች ዘረጋ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ። በላያቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አጣበቀ። ልጅቷ መሃል ላይ በአንድ እግሯ ትቆምና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው እግሯ ጣት እስከቻለችው ርቀት ሜትሩን ነክታ ሳትወድቅ ትመለሳለች። ቀላል ይመስላል። ሰው ሳይኖር ሞክሬው ከነመወልወያዬ ተዘርሬያለሁ።

አብሮት ሊሠራ የነበረው ጓደኛው ሳይመጣ ቀረበት። ፈሪድ ግራ ቀኙን አየና፣

"ማዘር፣ ቁጥር ይጽፋሉ?" አለኝ።

ልጆቹ ሳቁ። "እጽፋለሁ" አልኩ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቁጥር ያስጻፈችኝ ግን ራሷ ሑስና ናት፣ እጄን ይዛ። "የአንቺ ዘጠኝ ጭንቅላቱ ከብዶታል እማ፣ አሁን ይወድቃል" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

"እኔ የቆመችበት እግር ተረከዙ እንዳይነሳ አያለሁ" አለኝ ፈሪድ። "እርስዎ ጣቷ የነካበትን ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። መጨመርም መቀነስም የለም።"

"ተለክቶ ምን ይሆናል?"

"ወደ ፊት ስትዘረጋ በሁለቱ እግሮቿ መካከል ከአራት ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት ያላት ልጅ የመጎዳት ዕድሏ ሰፊ ነው። እሷን ለይተን ልምምድ እንሰጣታለን። ለራሳቸው ነው፣ ማዘር።"

የልጄን እግር የሚያይልኝ ሰው በመጨረሻ መጣ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

የአሥራ ዘጠኙንም ስም በእጄ ጻፍኩ። ጎረቤታችን ኦብሴ ስትለካ እጆቿን እንደ ዶሮ ክንፍ አራገበች።

"እጅ ወገብ ላይ!" አለ ፈሪድ።

"ወገብ የት አለኝና?" አለች። "ማዘር፣ አንድ ሁለት ይጨምሩልኝ እንጂ፣ ጎረቤት አይደለን?"

"ያየሁትን ነው የምጽፈው" አልኳት።

ሑስና ደረሰች። በቀኝ እግሯ ቆማ በግራዋ ወደ ፊት ስልሳ ስምንት ነካች። ከዚያ በግራዋ ቆመች። ቁርጭምጭሚቷ ሲንቀጠቀጥ ከወለሉ ላይ ሆኜ አየሁት። መጀመሪያ ወደቀች። ሁለተኛም ወደቀች። በሦስተኛው ከንፈሯን ነክሳ ነካችና ተመለሰች። ፈሪድ ተረከዟን እያየ ነበር፤ ቁጥሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ስልሳ ስድስት ነው አይደል እማ?" አለች እየሳቀች። ዓይኗ ግን አይስቅም ነበር።

"ሃምሳ ዘጠኝ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

"ኧረ ማዘር ለልጃቸውም አያዝኑ!" አለች ኦብሴ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ ዘጠኟን ጭንቅላቷን አሳንሼ፣ ቀጥ አድርጌ ጻፍኳት። እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም።

ፈሪድ የወረቀቱን ቅጂ ለአሰልጣኝ ነጋሳ ሰጥቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

በሳምንቱ የአዳራሹ በር ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ሑስና የለችም። እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ማንበብ የማልችል ብሆን፣ ፊደሉ ተምታቶብኝ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ዘበኛው ኦሊቃን ጠርቼ አስነበብኩት። እሱም ሑስና የሚል አላገኘም።

ከስድስቱ ሁለቱን ስሞች እኔ ጽፌያቸው አላውቅም።

ቢሮ ገባሁ። "አካም ጅርቱ፣ እትዬ ፋዲላ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ ነጋሳ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

"ፈሪድ ለልምምድ ነው ብሎኝ ነበር።"

"ለእሱ ለጥናቱ ነው። እኔ ነገ የምትሰበር ልጅ አላስፈርምም። ዘጠኝ ሴንቲሜትር እኮ ነው! የጻፉትም እርስዎ ነዎት።"

"እነዚህ ሁለቱስ? እነሱን አልለካናቸውም።"

"የእነሱ ሌላ ነው" አለና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

ሑስና አልጮኸችብኝም። ጫማዋን በፌስታል አስራ አልጋ ሥር ወረወረችው። "እንድትዋሺልኝ አልፈለግኩም" አለችኝ። "ስልሳ ስድስት ስል ዝም እንድትዪልኝ ብቻ ነበር።" በወሩ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ገባች። ያለቀ ሸሚዝ ቆማ ትፈትሻለች። ከእኔ ጋ የምታወራው ስለ ዘይትና ስለ ውኃ ብቻ ሆነ።

ባለፈው ማክሰኞ የነጋሳን ቢሮ ሳጸዳ ከመደርደሪያው ጀርባ የወደቀ ወረቀት አገኘሁ። አቧራውን ጠረግኩና አነበብኩት። "ልዩ ልምምድ የሚያስፈልጋቸው" ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ስም፣ መጀመሪያው የሑስና። ፈሪድ ለክለቡ ልኮት ነበር። "በየቀኑ ለስድስት ሳምንት ከተሠራ ልዩነቱ ይጠባል" ይልና ልምምዶቹን በተራ ይዘረዝራል። ቀኑን አየሁ። ዝርዝሩ ከመለጠፉ አራት ቀን በፊት ነው።

ማታ ሑስና ከሰርቪስ ወርዳ ገባች፤ እግሯን ጨው በተጨመረበት ውኃ ነከረች። ወረቀቱን አወጣሁ። አነበብኩላት፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ክፍል ውስጥ።

"አንደኛ። በግራ እግር ብቻ ሰላሳ ሰከንድ መቆም።"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት፣ እማ" አለች።