እሳት ያላየች መሰንቆ

ሽታሁን ያቺን መሰንቆ በጋቢ ጠቅልሎ ከቢቸና ሞጣ ድረስ የመጣው ሰርግ ሊበላ አይደለም። አያቱም አባቱም መሰንቆ ሠሪ ነበሩ፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ግን የቢቸና ሰው «ሙያው አብሮ ተቀበረ» እያለ ያማዋል። እሱም እልህ ያዘው። አንድ አስተማሪ ጥሎት ከሄደው ስባሪ ጊታር ስሱን ጣውላ አውጥቶ በፍየል ቆዳው ፈንታ መሰንቆ ላይ ለበጠው። ዝናብ አያላላው፣ ብርድ አያፍነው፣ እሳት ዳር ካልሞቅሁ አልጮህም አይል! እንዲህ እያደረገ ስድስት ሠራ፤ ስድስቱም ግድግዳ ላይ ቀሩ። አዝማሪ ሁሉ ይሞክርና «መልካም ነው» ብሎ ይመልስለታል። ምቀኝነት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ዛሬ ስም ያለው አዝማሪ ስጦታው በሰው ፊት ከተጫወተባት አፋቸው ይዘጋል። ካልሆነ የአባቱን ሙያ ጥሎ ሸክም መሸከሙ ነው።

ዳሱ ውስጥ «ተቀመጥ» ያለው አልነበረም። ባየ የሚባል ዝምተኛ ሰው ብቻ ጠጋ አለለትና ጠላ አስቀዳለት። ሽታሁን ይህን ልብ አለ። ክፉም ደግም የዋለለትን አይረሳም።

ስጦታው እንደ ልማዱ የቆዳ መሰንቆውን ይዞ ወደ ምድጃው ሲያመራ ሽታሁን መንገድ ዘጋበት።

«አያ ስጦታው፣ ይችን ያዝ። እሳት አትፈልግም።»

«ኧረ ተው፣ ትንሽ ልሙቅ።»

«የበረደው አንተን ነው መሰንቆውን?»

ሰው ሳቀ። ስጦታው አፈረና ተቀበለው። «በማን ልጀምር ታዲያ? እኔ የደብረ ወርቅ ሰው ነኝ፣ እዚህ ማንን አውቃለሁ?»

«በባየ! ጀግና ነው» አለ ሽታሁን። ሌላ የሚያውቀው ስም አልነበረውም።

«አንድ ጥይት ይበቃል ለባየ ለጌታው፣
ያለመውን ሳይጥል አይነሣም ከቦታው!»

ድምፁ እንደ ደወል ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ዳሱ ጥግ ድረስ ደረሰ። እልል የሚል ጠፋ። አንዲት እናት ልጇን እጁን ይዛ ወጣች። ባየ አንገቱን ደፋ። ፊት ለፊቱ የነበረው ጓዴ የሚባል ሰው ጠላውን ሳይጨርስ አስቀመጠና ጋቢውን አስተካክሎ ሽታሁን አጠገብ መጣ።

«አንተ ነህ የሠራሃት?»

«አዎ፣ ጌታው።»

«ድምጿ ጥሩ ይሰማል» ብሎ ወጣ።

አንድ ሽማግሌ ስጦታውን ይዘው ጆሮው ላይ አንሾካሾኩበት። ሲለቁት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። መሰንቆዋን ሽታሁን ጭን ላይ አስቀመጠለት።

«ባየ የጓዴን ወንድም ገድሏል። ከታረቁ በአምስት ዓመታቸው አንድ ዳስ የገቡት ዛሬ ነው። እሳት ዳር ቁጢጥ የምንለው ለቆዳው ብቻ መሰለህ? የቤቱ ሰው መጥቶ በግጥም ማንን አንሣ፣ ማንን አታንሣ የሚለን እዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መቼ ጠየቅኸን? ምቀኞች ስትለን ከረምህ እንጂ።»

መሰንቆዋን ጠቅልሎ መናኸሪያ ሲደርስ የቢቸናው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ሽታሁን መስኮቱ ዳር እንደተቀመጠ ከሰርጉ ሰፈር አንድ ጥይት ጮኸ።

«ሙሽራው ገባ መሰል» አለ ሹፌሩ። «ሰርግ ነው፣ ገና ይደጋግሙታል።»

ሽታሁን ሁለተኛውን ጠበቀ። መኪናው ከተማውን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ጠበቀ። አልተደገመም።