ቲቸር ጠመኔ

«ሴራሚክ ለጣፊ ሆነህ የወለል ስፋት ካላወቅህ ሰውየውን ምን ብለህ ነው የምታስከፍለው?» አለች አምለሰት፣ ጠመኔዋን ከሰሌዳው ሳታነሳ።

ወንበር ላይ በጡብ ተደግፎ ሰሌዳውን ከሚቀርጸው ስልኳ ሳቅ ተሰማ። «ይቅርታ ቲቸር ጠመኔ! አራት በአምስት፣ ሃያ» አለ ቁጥር ሰባት የሚባለው ተማሪ።

በተሰደደችበት የሶማሌዎች ከተማ፣ ኮድቡር የሚባል ሰፈር ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ሳምንቱን ትጠርጋለች፤ አርብ አርብ ታስተምራለች። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ሒሳብ ልጆች ከሚጥሏቸው ደብተሮች ለቅማ ነው የተማረችው፤ ለዚህም የማንም ውለታ የለባትም። አገር ቤት ጦርነት ከገባ ወዲህ የወልዲያና የመቀሌ ልጅ አንድ ወንበር ላይ አልቀመጥ ሲሉ፣ ሃያ ሦስቱንም ስደተኛ ተማሪዎቿን በስልክ ሰበሰበቻቸው። ስም የለ፣ ፊት የለ፣ ቁጥር ብቻ። እሷም ከእጇ በቀር አልታየችም። በዓይኖቿ ዳር ያሉት የምላጭ ጠባሳዎች የትግራይ ልጅ መሆኗን ይናገሩባታልና።

ዛሬ ግን ክፍሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጅግጅጋ ያደገው ዳይሬክተር ሀናድ ወላጆችን ከኋላ አስቀምጦ፣ የስልኳን ምስል በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አውጥቶታል። የሚታየው ሃያ ሦስት ጥቁር ሳጥን ነው።

ካልቱን የምትባል የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ በሶማልኛ አንድ ነገር አለች። ሀናድ ወደ አምለሰት ጠጋ አለ።

«ሰው ከሌለበት ክፍሉም ዋይፋዩም ለስፌት ሥልጠና ይሁን ነው የምትለው። ካሜራቸውን ያብሩ፣ እህቴ።»

«ፊታችሁ አይታይም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«እንግዶቹ ለቁጥር ክፍል አይሰጡም።»

«እንግዶችዎ የመጡት ሒሳብ ሊያዩ ነው ወይስ ሙሽራ ሊመርጡ?»

«ምላስሽ ክፍሉን አያስቀርልሽም።»

ተማሪዎቹ ሁሉንም ሰምተዋል። ግድግዳው ላይ ሁለት ሳጥን ጠፋ። ከዚያ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ከአሠሪዋ ወጥ ቤት ሆና አንሾካሾከች፦ «ቲቸር፣ እባክሽ አይዘጋብን። ያለኝ ይቺ አንዲት ሰዓት ናት።»

አምለሰት የጠመኔውን ብናኝ በቀሚሷ ጠረገች። ስልኩን አነሳች፤ ካሜራውን ከሰሌዳው ወደ ራሷ አዞረችው። ፊቷ ግድግዳውን ሞላው፤ ጠባሳዎቹ የጣት ያህል ገዝፈው።

«ስሜ አምለሰት ነው፤ የሽሬ ልጅ ነኝ» አለች። «እናንተን ማንም አያስገድዳችሁም። የፈለገ ያብራ፣ ያልፈለገ በቁጥሩ ይቀመጥ።»

ስልኩን ፊቷን እንዳየ ጡቡ ላይ መልሳ አስደገፈችው። ሰሌዳው ላይ «የመታጠቢያ ቤት ወለል፣ ሁለት በሦስት» ብላ ጻፈች። ስንት ሳጥን እንደቀረ ለማየት ግን ዞር አላለችም።