የአረጋሽ አተር

እናቴ ወይዘሮ አረጋሽና አዴ ገለቴ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያቸው ሰው፣ እነዚህን ሁለት ሴቶች ምን አገናኛቸው ብሎ መገረሙ አይቀርም ነበር። እናቴ አጭርና ቀጭን፣ ከመንዝ መጥታ ሰበታ የከተመች የፋብሪካ ጸሐፊ ሚስት ነበረች፤ በክረምት እንኳ ጫማዋ ላይ ጭቃ አይታይም፣ ንግግሯም እንደ ጫማዋ የተወለወለ ነው። አዴ ገለቴ ግን ረጅም፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ቡራዩ ውስጥ ገፈርሳ ውሃ አጠገብ ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ነበሩ፤ ሲስቁ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ እናቴም አብራ ትነቃነቃለች። እናቴ የአበባ ዘሯን የምታስቀምጠው አባቴ ከቢሮ በሚያመጣቸው አሮጌ ፖስታዎች ነበር፤ ትገለብጣቸውና እንደገና ለጥፋ፣ የአበባውን ስምና ዘሩ የተለቀመበትን ወር በቀለም ትጽፍባቸዋለች። አዴ ገለቴ ማንበብ አይችሉም። እሳቸው በጨርቅ ቁራጭ ይቋጥሩና በክር ያስሩታል፤ ቀዩ ክር የዚኒያ፣ ቢጫው የሱፍ አበባ፣ ሌላው ደግሞ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ነው። አርባ ቋጠሮ ቢደረደርላቸው በአንዱም አይሳሳቱም። እናቴ ግን በፖስታዎቿ ሁለት ጊዜ ተሳስታ አይቻታለሁ፤ ይህን በሕይወት ሳለች ደፍሬ አልነገርኳትም።

ያገናኛቸው የዘር ልውውጥ ነበር። በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በሚውለው ቅዳሜ፣ ከሰበታ፣ ከፉሪ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አሥራ ሁለት ያህል አበባ ወዳዶች በአንዳቸው ግቢ ይሰበሰባሉ፤ አስተናጋጅነቱ በተራ ነው። መለኪያው የቡና ስኒ፣ ሕጉም ሁለት ብቻ ነበር። የቀረበልህን ዘር አትመልስም፤ የሰጠኸውንም ዘር መልሰህ አትጠይቅም። ማን እንደ ደነገጋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ግን በእኛ አገር ሕግ ከመሆኑም በፊት ነውር ነው።

እናቴ በዚያ ስብስብ ውስጥ ስሟ የሚጠራው በአንድ አበባ ነበር። አንዲት ግሪካዊት፣ የፋብሪካው መሐንዲስ ባለቤት፣ ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ እፍኝ ክብ ዘር ሰጥታት ሄደች። ሐረጉ እንደ አተር በሸምበቆ ላይ ይወጣል፣ አበባው ሐምራዊና ነጭ፣ መዓዛው ደግሞ ከአጥራችን አልፎ መንገደኛ የሚያስቆም ነበር። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው አጥሩ ሥር ሲያሸትቱ አስታውሳለሁ። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ሰዉ ሁሉ «የአረጋሽ አተር» አለው፤ እናቴም ይህን ስም ስትሰማ ሌላ ሰው የተጠራ ለመምሰል ትሞክርና አይሆንላትም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአሥራ አንድ ቤት ሰጥታለች። ያልደረሰው ቡራዩ ብቻ ነበር፤ ዘሩ ሁልጊዜ ከአዴ ገለቴ ተራ በፊት ያልቅባት ነበርና።

በ1957 ዓ.ም. ተራው የእኛ ቤት ሆነ። በዚያ ዓመት እናቴ አስቀድማ ለአዴ ገለቴ አንድ ስኒ ሙሉ ለይታ፣ በአዲስ ፖስታ አሽጋ አስቀምጣላቸው ነበር። ሁሉም ሰው ክብ ሠርቶ እንደ ተቀመጠ ተነሥታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ገለቴ! ዘንድሮ የእርስዎ ነው።»

አዴ ገለቴ ፖስታውን ከፈቱና ዘሩን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱት። በጣታቸው ገለበጡት። አንዱን በጥፍራቸው ፈልጠው ውስጡን አዩት። ከዚያም አንድ በአንድ ወደ ፖስታው መለሱትና ለእናቴ ዘረጉላት።

«ይህ የጓያ ወገን ነው፤ እኔ ቤት አይገባም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አዴ ገለቴ ዞረ። ከሱሉልታ የመጡት ኦቦ ባጫ ብቻ፣ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ፣ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያሉ ጎረቤታቸውን ይጎትቱ ነበር።

«አዴ ገለቴ፣ አበባ ነው እኮ!» አለች እናቴ እየሳቀች።

«አበባውን አላልኩም። ፍሬውን ነው።»

«እንዴ፣ የአበባ ፍሬ ማን ይበላል?»

«የራበው።»

«በአበባ አትክልት ውስጥ የራበው ሰው ምን ያደርጋል?» አለች እናቴ፤ አሁን ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። «እኔ ለአሥራ አንድ ቤት ሰጥቻለሁ። አንድም ሰው አልሰበረም። ይህ በፈረንጅ አገር ሙሽራ የምትይዘው አበባ ነው!»

የጓያን ነገር የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። ዝናብ ሲጠፋ እሱ ብቻ ይበቅላል፤ ሌላ ያጣ ሰው ለወራት ሲበላው ግን እግሩን ሽባ ያደርገዋል፣ ጓያ ሰበረው ይባላል፣ መድኃኒትም የለውም። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ሰዉ ያየው የእናቴን ለስላሳ ፖስታና የአዴ ገለቴን ሻካራ እጅ ነበር። ሁለት ሦስት ሰዎች አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዷ «ደግሞ አሁን ጓያ!» ስትል ሰማሁ። አዴ ገለቴ ቋጠሮዎቻቸውን ሰበሰቡ፣ «ገለቶማ፣ ደኅና ሁኑ» ብለው ከሁሉ ቀድመው ሄዱ።

እኔ ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ እሑድ ማታ አውቶቡስ እስከምሳፈርበት ድረስ ሸኘችኝ።

«ጓያ አለመሆኑን ከመጽሐፍ ገልብጠሽ አምጪልኝ» አለችኝ። «ማኅተም ያለበት ከሆነም ይሻላል።»

ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ግን እሷ የላከችኝን አልነበረም። መጽሐፉ ሁለቱን በአንድ ወገን መድቧቸዋል፤ የአበባው ዘር ለምግብ እንደማይሆንም በግልጽ ጽፏል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህንኑ ነገርኳት።

«ዘመድ ናቸው ነው የምትዪኝ?»

«የቅርብ ዘመድ።»

«የአባትሽም የቅርብ ዘመድ የሰው በሬ ነድቶ ታስሯል፤ አባትሽን ግን ያሰረው የለም» አለችና ሸምበቆዋን ማሰሯን ቀጠለች። አባቴ ከበረንዳው ሆኖ «እኔን ምን አመጣኝ?» አለ። ነገሩ በሳቅ አለፈ። እኔም እንዲያልፍ ፈቀድኩ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና የእናቴን ፊት ማጥቆር መጽሐፉ ከጻፈው ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

የሁዳዴ ጾም ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ማሪቱ ከፉሪ በእግሯ መጣች። ማሪቱ ባሏ የሞተባት፣ አምስት ልጆች የምታሳድግ፣ ምንም ነገር መጣል የማትወድ ሴት ነበረች። እናቴ የአተሩን ዘር ከሁለት ዓመት በፊት ሰጥታታለች። ገና ከበሩ ስትገባ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ነገር ከፍ አድርጋ አሳየች።

«አረጋሽዬ፣ አበባሽ እኮ ቸር ነው! አጥሩን ሞልቶ አፈራልኝ። ለዘር የሚሆነውን ለይቼ ቀሪውን ልጣለው? እጄ እምቢ አለኝ። ከአንድ ቁና የሽሮ አተሬ ጋር ቀላቅዬ አስፈጨሁት። ከአንቺ የመጣ ስለሆነ ለአንቺም ትንሽ አመጣሁልሽ።»

እናቴ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ስንት... ስንት ስኒ ይሆናል የቀላቀልሽው?»

«ኧረ ሁለት ሦስት ስኒ ቢሆን ነው። ምነው፣ ጣዕሙ ይለወጣል ብለሽ ሰጋሽ? ልጆቹ ምንም አላሉም፤ ሰኞ ዕለት ጀምረን እየበላነው ነው።»

እናቴ አፏን ከፈተች። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ማሪቱ በዚያ የደከመ፣ የሰጪ ሰው ደስታ በሚታይበት ፊቷ ትመለከታት ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ማሪቱ» አለች እናቴ።

ማሪቱ ውሃ ጠጥታ፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት አጫውታን ሄደች። በሩ እንደ ተዘጋ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ይጎዳቸዋል?»

«በአንድ ቁና አተር ውስጥ ሁለት ሦስት ስኒ የሚጎዳ አይመስለኝም። የሚጎዳው ብዙ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሲበላ ነው።»

«ክረምቱ ከከፋስ? አጥሩን ሞልቶ አፍርቷል አላለችም?» መልስ አልጠበቀችም። «እያወቅሁ ዝም አልኳት። በዓይኔ እያየኋት ሰደድኳት።» ነጠላዋን አነሣች። «ተነሺ፣ ቡራዩ እንሂድ።»

አዲስ አበባ ወርደን፣ አውቶቡስ ለውጠን ከሰዓት በኋላ ደረስን። አዴ ገለቴ አልነበሩም፤ ግቢው ውስጥ ወንድማቸው ኦቦ ኢተፋ በዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው የዚኒያ መደብ ይኮተኩቱ ነበር። ሁለት ከዘራዎች አጠገባቸው ተጋድመዋል። አንዱን መደብ ሲጨርሱ በእጃቸው ተደግፈው ዱካውን ይገፉና ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። እናቴ ወደዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተመላልሳለች፤ ስለ ዚኒያው ሁሉንም ጠይቃ ስለ እግራቸው አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም ነበር። በተፈጥሮ ነው ብላ ታስብ እንደ ነበር በኋላ ነገረችኝ።

«ኦቦ ኢተፋ፣ እግርዎን ምን አገኘው?» አለቻቸው፤ ሰላምታውንም በቅጡ ሳትጨርስ።

ቀና ብለው አዩዋትና ፈገግ አሉ። «ዛሬ ገና አየሽው? ጓያ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ያለ ዝናብ አለፈ።»

«ሳታውቁ በልታችሁት ነው?»

«ኧረ እናውቃለን! ሌላ ነገር አልነበረማ። ደግሞ ይጣፍጣል፤ ክፋቱ እሱ ነው። አበባውም ውብ ነው፣ ሰማያዊ።» ቆም አሉና «ያንቺው ግን ይሸታል አሉ። የእኛው አይሸትም» አሉ፣ እንደ እውነተኛ አበባ ወዳድ በቅናት።

አዴ ገለቴ ከውሃው በኩል እንስራ አዝለው መጡ። አውርደው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ በመጀመሪያ እኔን «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ብለው እንደ ልጃቸው ሳሙኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ያን ቀን የጠላሁሽ መስሎሻል።»

«መስሎኛል» አለች እናቴ።

«ተቀብዬ መንገድ ላይ ብጥለው ይሻል ነበር?»

«ለእኔ ይሻል ነበር፣ አዴ ገለቴ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የእናቴ ሳቅ ግን ቶሎ ተቆረጠ። የማሪቱን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ዝም ብላ እንደ ሰደደቻትም አልደበቀችም።

አዴ ገለቴ ሰምተው ሲጨርሱ እንስራው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «በሰው ፊት የመለስኩልሽ ሌሎቹ እንዲሰሙ ነበር። አንቺ ግን ከእኔ አስበልጠሽ ጮህሽ፤ ስለዚህ የሰሙት አንቺን ነው።»

በመልሱ ጉዞ እናቴ አውቶቡሱ ውስጥ በጣቶቿ አንድ ነገር ትቆጥር ነበር፤ አሥራ አንድ ላይ ትደርስና እንደገና ትጀምራለች።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ለምሳ ቀረብን። አባቴ ገብረየስ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸውና እኔ ነበርን። እናቴ እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ ወደ ማዕዱ ግን አልዘረጋችም።

«ከመብላታችሁ በፊት ስሙኝ። ያን ዘር ከአሥራ አንዱም ቤት አስመልሳለሁ።»

አባቴ የያዘውን እንጀራ አስቀመጠ። «የሰጠሽውን? ከሰው ደጅ ቆመሽ?»

«ቆሜ።»

«እማዬ፣ ደብዳቤ ጻፊላቸው» አለ ጌታቸው። «ፖስታ እንደሆነ ሞልቶሻል።»

«ግማሾቹ ማንበብ አይችሉም፤ የሚችሉትም ሽሮ ለምታስፈጭ ሠራተኛቸው አያነቡላትም። ደግሞ ጮክ ብዬ የተናገርኩትን በደብዳቤ በሹክሹክታ አላፈርሰውም። በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ አዴ ገለቴ ትክክል ነበሩ፣ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ብዬ።»

«ሰው ምን ይላል፣ አረጋሽ?» አለ አባቴ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘኔታ። ስሟ ምን ያህል እንደሚያስደስታት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

«የሰጠችውን ዘር መልሳ የለመነች ሴት ይለኛል። ይበለኝ። የእኛውንም አበባው ፍሬ ሳይቋጥር እለቅመዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር አላስቀርም።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ በዕረፍትሽ ሱሉልታ ትከተዪኛለሽ፤ ኦቦ ባጫ ስለማይሰሙ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ያስፈልገኛል። ነገ ግን ብቻዬን ፉሪ ነኝ። ማሪቱ ቤት ያለውን ሽሮ አስደፍቼ ከራሴ ጓዳ እተካላታለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተመለስኩ ጾማችሁን ፍቱ፤ አትጠብቁኝ።»