ጤነኛ ሰው ወሸባ ምን አገባው

የቢቸናው ድሬሰር ገላው ፊንላንድ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ሁለት ሰው ሆኖ ነበር የሚኖረው። አንዱ በእውነት የሄደው ገላው ነው፤ ሌላው ጠጅ ቤት የሚወራለት ገላው። ሁለቱ ተዋውቀው አያውቁም። መንገድ ላይ ቢገናኙ የመጀመሪያው አንገቱን ደፍቶ እንደሚያልፍ እሱ ራሱ ያምን ነበር።

በእውነት የሆነው እንዲህ ነው። ቢቸና ጤና ጣቢያ ከገላው ጋር ሲሠራ የነበረ ፔንቲ የሚባል ፊንላንዳዊ ሐኪም ውሉን ጨርሶ አገሩ ሲገባ፣ ገላውን ለአጭር ሥልጠና አስጠራው። ሥልጠናው ሲያልቅ ፔንቲና ሚስቱ አይላ «አገራችንን ሳታይማ አትመለስም» ብለው ቤት ባላት መኪና ይዘውት ወጡ። መኪናዪቱ ምድጃ አላት፤ ጠረጴዛ አላት፤ አልጋ አላት፤ መጋረጃም አላት። ከኋላዋ ብስክሌቶች እንደታረደ በግ ተሰቅለዋል። ገላው ሲያያት ክፉኛ ደነገጠ። በእሱ አገር ቤቱን ጭኖ መንገድ ለመንገድ የሚንከራተት ሰው ወይ እሳት የበላው ነው፣ ወይ ወንድሞቹ ከርስት የነቀሉት። «ምን ደርሶባቸው ይሆን?» ብሎ ለባልና ሚስቱ አዘነና፣ የመጀመሪያውን ቀን ምግብ ሲቀርብለት «ጠግቤያለሁ» እያለ ዋለ። ያልተነገረ ችግር ያለበት ሰው ቤት ጥርግ አድርጎ መብላት ነውር ነው። በማግስቱ አይላ ከመደርደሪያው ሥር የደረደረችውን የምግብ ጣሳ ሁሉ አየና ሐዘኑን ተወው።

«ብስክሌት ትነዳለህ?» ብላ ስትጠይቀው «እንዴታ!» ነበር ያላት። ቢቸና ያለችው ብስክሌት የፖስታ ቤቱ ሹም ናት፤ ገላው አንድ ቀን ሹሙ ጫማቸውን እስኪያስሩ ድረስ ይዞላቸው ቆሞ ያውቃል። እናም ግራና ቀኝ ሐይቅ በሆነ መንገድ ላይ ባልና ሚስቱ እየነዱ ሲሄዱ፣ እሱ ብስክሌቱን እንደ በቅሎ እየሳበ ይከተላቸው ጀመር።

«ምነው አትወጣባትም?» አለው ፔንቲ።

«በእኛ አገር ያልለመዱት ከብት ላይ ዘሎ አይወጣም። መጀመሪያ እንተዋወቅ» አለ ገላው።

ተዋወቁና ቁልቁለት ላይ ወጣባት። ያቆመው ፍሬኑ ሳይሆን ጥድ ነው። አይላ የተላጠውን ጉልበቱን በአልኮል ስትጠርግለት፣ ቢቸና «ዝም በል፣ እንደ ወንድ ቻለው!» እያለ ስንቱን ቁስለኛ የሚቆጣው ድሬሰር «ኧረ በማርያም!» እያለ ጫካውን አናጋው።

ፀሐይዋም ትገባለች ተብላ ስትጠበቅ አትገባም። ገላው ሊተኛ መምሸቱን ጠብቆ ጠብቆ፣ ሲታክተው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ የራሱን ጨለማ ሠራ። ደስ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀንዱ እንደ ወይራ ቅርንጫፍ የተንዠረገገ ከብት መንገዱ መሃል ተኝቶ መኪናዋን ሲያቆማት። ፔንቲ ጡሩንባ ሳይነፋ ከብቱ ደስ ሲለው እስኪነሣ ጠበቀ። «እሰይ፣ ይህስ ቢቸና ነው!» አለ ገላው በልቡ።

ከዚያ ሳውና መጣ። በየደረሱበት ሐይቅ ዳር ትንሽ የእንጨት ጎጆ አለች። በውስጧ ምድጃ፣ በምድጃው ላይ የጋለ ድንጋይ። ሰዎቹ ራቁታቸውን ገብተው ድንጋዩ ላይ ውሃ ይቸልሱና በእንፋሎቱ ይቀቀላሉ፤ በቅጠል ጀርባ ለጀርባ ይገራረፋሉ፤ ከዚያ ሐይቁ ውስጥ ይዘላሉ። ይህን የሚያደርጉት ተፈርዶባቸው ሳይሆን ፈቅደው ነው። ገላው ወንዶቹ በገቡበት ተራ ሱሪውን እንደለበሰ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው የታችኛዋ መደብ ላይ ተቀመጠ። ፔንቲ አንድ ጭልፋ ውሃ ቸለሰ። ከዚያ ቀጥሎ ገላው የሚያስታውሰው ሐይቁን ነው። ከሙቀት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ መወርወር እዚያ አገር የጎበዝ ሥራ ኖሮ፣ እዚያው ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩት የፔንቲ እናት ዳር ቆመው አጨበጨቡለት። ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትተው ስለነበር እጅ ሊነሣ አልቻለም። ጭብጨባው ሲያልቅ በመቅዘፊያ ጎትተው አወጡት። ሌላ ሳውና በደረሱ ቁጥር ጉልበቱን ያመው ጀመር።

ጠጅ ቤት የሚወራለት ገላው ግን ብስክሌቱን እጁን ለቆ እየነዳ ፈረንጆቹን አቧራ አልብሷቸዋል። ያን የእሳት ቤት ሲገባማ ላይኛው መደብ ላይ ወጥቶ፣ ፈረንጆቹ አንድ በአንድ በልባቸው እየተሳቡ ሲወጡ እሱ «ጨምሩ!» ይል ነበር። ይህን ወሬ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ባዘዘው ነበሩ። ገላው አንድ ሲያወራ እሳቸው በሁለት አባዝተው ያሳድሩታል።

ታዲያ ገላው ሽማግሌ መላክ ሲያስፈልገው ከእሳቸው ሌላ ማን ይላክ? ልጅቱ የሺእመቤት ናት፤ ሞጣ የምታስተምር፣ የመሪጌታ ሣህለ ማርያም ልጅ። ገላው ሞጣ ለፈንጣጣ ክትባት ወርዶ ሳለ ክንዷን የወጋው እሱ ነው። እሷ «ጨረስክ?» አለች፤ እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጨረሰም። ሌላ ሴት አላገባም ብሎ ምሎ ነበር፤ እንደ ጠጅ ቤቱ ወሬ ሳይሆን የእውነቱን። የጥቅምቱ አዝመራ ደርሶ አቶ ባዘዘው ሌሎች ሁለት ሽማግሎች አስከትለው ሞጣ ሄዱ፤ ሲመለሱም ገላው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? እሺ አሉ?»

«እስከ ምሳ ድረስ እሺ ብለው ነበር።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ከምሳ በኋላ እኔ አሞገስኩህ።»

ነገሩ ይህ ነው። የኔታ ሣህለ ማርያም «ልጁ ለመሆኑ ምን ጥንካሬ አለው?» ቢሉ፣ አቶ ባዘዘው የእሳቱን ቤት አነሡ። ድንጋይ መጋሉን፣ ውሃ መቸለሱን፣ በቅጠል መታሸቱን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። የልጅቱ እናት ወይዘሮ አምሳለች ወጡን በጭልፋ እንደያዙ ቀሩ።

«ይህማ ወሸባ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«አዎን፣ የፈረንጅ ወሸባ ነው!» አሉ አቶ ባዘዘው በኩራት።

«ስንት ጊዜ ገባ?»

«ኧረ በየመንደሩ!»

ገላው ይህን ሲሰማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቅጠል በውሃ ተፍልቶ፣ በእንፋሎቱ ተከናንቦ ወሸባ የሚገባው ማን እንደሆነ ሞጣም ቢቸናም ሕፃን ያውቃል፤ ስሙን ጮክ ብለው የማይጠሩት የአባላዘር ደዌ የያዘው ነው። ጤነኛ ሰው ወሸባ ምን አገባው? በየመንደሩ የታጠነማ ምን ያህል ጸንቶበት ነው? ድሬሰር መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ወይዘሮ አምሳለች «በጁ ያለው መርፌ አላድነው ቢል ነዋ ባሕር ተሻግሮ የሄደው» ብለው ምሳውን አነሡት።

ሙሽራ የሚሆን ሰው በራሱ እግር የልጅቱ ደጅ አይረግጥም። ገላው ግን አቶ ባዘዘውን ይዞ በማግስቱ ሞጣ ገባ። የኔታ ሣህለ ማርያም ጥምጥማቸውን እንዳሳመሩ ከመደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ አምሳለች ምሰሶ ተደግፈው ቆመዋል፤ የሺእመቤት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ መሆኗ በጫማዋ ጫፍ ታወቀ።

«የኔታ፣ ስለዚያ ነገር ነው የመጣሁ» አለ ገላው። «ብዙም አልተቀመጥኩበት።»

«ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚሉ» አሉ ወይዘሮ አምሳለች።

«በሽተኛ አልነበርኩም፤ እዚያ አገር ጤነኛው ነው የሚገባው።»

«ጤነኛው ከገባ በሽተኛው የት ይግባ? ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና ‹ጉንፋን ነው› እያለ ነው የታጠነ።»

ገላው ወደ አቶ ባዘዘው ዞረ። አቶ ባዘዘው ጣሪያውን ያያሉ።

«እውነቱ የሚወጣበት አንድ መንገድ አለ» አሉ ወይዘሮ አምሳለች። «ወሸባ የተደበቀውን ያወጣል። ያለበት ሰው ሙቀቱ ሲነካው አንገቱ ላይ ሽፍ ይልበታል። ከጓሮ የጥጃ ጎጆ አለች። ይግባና እንየው፤ ጥሩ ከሆነ ልጄን ይውሰድ።»

ገላው ይህ የሕክምና ምርመራ አለመሆኑን ያውቃል። ሙቀት የማንንም አንገት ሽፍ እንደሚያደርግ ያውቃል። ይህን ቢናገር ደግሞ ከወዲሁ ሰበብ አበጀ እንደሚባል ያውቃል። ማወቁ የጠቀመው ነገር አልነበረም።

«ምስክር አብሮት መግባት አለበት። ሴት አይሆን» አሉ የኔታ። ቀጥለውም «እንግዲህ እኔው ልግባ እንጂ፣ ምን ይደረግ» ብለው ተነሡ። አነሣሣቸው የሚቸኩል ሰው ይመስል ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ማንም ልብ አላለው።

ጋኑ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ዳማከሴ ጠጥቶ ሲንፈቀፈቅ ወደ ጎጆዋ ገባ። በሩ በቁርበት ተጋረደ። ገላው ጋቢውን አጥሩ ላይ ጥሎ ገባ እንጂ እንደለመደው ሱሪውን አላወለቀም፤ የኔታ ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ጥግ ይዘው ተመቻቹ። ወይዘሮ አምሳለች በቁርበቱ ሥር የጋለ ድንጋይ አሳለፉ፤ የኔታ በጉጠት ተቀብለው ጋኑ ውስጥ ለቀቁት።

ገላው አቡነ ዘበሰማያትን ደጋግሞ እያደረሰ ሊታገሥ አስቦ ነበር። «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ዓይኑ ተቃጠለ። «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ጓሮ ነበር። ቁርበቱን በጭንቅላቱ በርግዶ፣ የጌሾውን ተክል ረግጦ፣ አቶ ባዘዘውን ገፍትሮ፣ ጥጃ የሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ እስከ ትከሻው ተዘፈቀ። ጥጃው ራሱ አፈገፈገ።

ወይዘሮ አምሳለች ደርሰው አንገቱን ወደ ላይ አዞሩና አዩት፤ ንጹሕ ነው፤ ሽፍ ለማለት ጊዜ መቼ አግኝቶ! ከዚያ እንደመሳቅ አላቸው።

«ይህ ልጅ በዕድሜው እንፋሎት አይቶ አያውቅም!» አሉ። «ወንድሜ የመጀመሪያ ቀን ልክ እንዲህ ነበር ያደረገው። የታጠነ ሰውማ ይለምደዋል፤ ኋላ ኋላ ይተኛበታል።»

«ታዲያ ያ ‹ጨምሩ› ያልከውስ?» አሉ አቶ ባዘዘው። ድምፃቸው የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

ገላው ጭንቅላቱን ውሃው ውስጥ ደፈቀ። ጠጅ ቤት የሚወራለት ገላው እዚያው ገንዳ ውስጥ ሞተ፤ አልቃሽም አላገኘ።

የሺእመቤት ከጓዳ ወጥታ ነበር። «እናቴ፣ ጤነኛ ነው» አለች ሳቋን በነጠላዋ ይዛ። «ውሸታምነቱን ለኔ ተይው፤ እኔ አስተምረዋለሁ።»

ገላው ቀና አለ። ከአፍንጫው ውሃ ይወርዳል። በሕይወቱ እንዲህ ተሰድቦ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ይህን ጊዜ ነው ከጎጆዋ ድምፅ የተሰማው።

«አምሳለች! ድንጋይ ጨምሪ እንጂ፤ ቀዘቀዘ እኮ!»

ሁሉም ወደ ጎጆዋ ዞሩ። የኔታን ረስተዋቸው ነበር። ወይዘሮ አምሳለች አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ድንጋይ አልጨመሩም።

የኔታ ሲዘገይባቸው ራሳቸው ወጡ። ፊታቸው ዘይት እንደተቀባ ያበራል፤ እንደ ሕፃን ረክተዋል። የሁሉን ዓይን ሲያዩ ግን እርካታቸው ትንሽ ቀነሰ።

«የት ለመዱት?» አሉ ወይዘሮ አምሳለች።

«ምኑን?»

«‹ጨምሪ› ማለቱን።»

«እ… በተማሪነት። ቅኔ ቤት ሳለን እከክ ነበረብን።»

«እከክ?»

«እከክ።»

«እከክ በድኝና በቅቤ ነው የሚታሸው።»

የኔታ ይህን እንዳልሰማ ሆነው ወደ አቶ ባዘዘው ዞሩ። «ሠርጉን ጥር ላይ ነበር ያሰባችሁ? ምን ያጓትተዋል! የነቢያት ጾም ሳይገባ ይሁን።»

«እህሉ ሳይወቃ? ጠላው ሳይጠመቅ?» አሉ ወይዘሮ አምሳለች።

«ይደርሳል፣ ይደርሳል።»

ገላው የሚያገባ ሰው መሆኑ ገና እየገባው፣ የኔታ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ዓይኑ አንገታቸው ላይ አረፈ። ከጆሯቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ሽፍ ብሎ ቀልቷል። የሙቀት ሽፍታ ነው፤ ሲበርድ የሚጠፋ። ይህን ገላው ያውቃል። ወይዘሮ አምሳለች ግን አያውቁም፤ ደግሞም በዚያው በኩል እየዞሩ ነው።

ገላው ከገንዳው ዘሎ ወጣና ከአጥሩ ላይ ጋቢውን አነሣ።

«ብርድ እንዳይመታዎ የኔታ» ብሎ ከትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ጠቀለላቸው።

የኔታ ዓይን ለዓይን አዩት። «ተባረክ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አጥብቀው» አሉት።